ሐዲዱና ሔሩ፦ የኢሳ ሶማሌዎች ሕግና ቋንቋ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል የሚገኘው አቃቂ ቃሊቲ፣ የባሕር ማዶ ሸቀጥ ወደ ዋና ከተማዪቱ ከሚገባባቸው በሮች አንዱ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የ784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው አቃቂን አቋርጦ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመርም ከዚሁ አካባቢ አልራቀም፤ እንዶዴ የተባለው ጣቢያው በአቃቂ አጠገብ ይገኛል። የመሥመሩ አንድ ጫፍ በአቃቂ ሜዳ ሲታይ፣ ሌላው ጫፍ ያረፈው በኢሳ ሶማሌዎች ምድር ላይ ነው። ስለ ሐዲዱ ሲወሳ የመሐንዲሶችና የኩባንያዎች ስም ይጠራል፤ የዚያ ምድር ሕዝብ፣ ሕጉና ቋንቋው ግን እምብዛም አይነሣም።

ኢሳዎች ዲር ከተባለው ታላቅ የሶማሌ ነገድ የሚወለዱ፣ ግመል፣ በግና ፍየል በማርባት የኖሩ ሕዝብ ናቸው። አገራቸው ከዘይላ ጠረፍ ተነሥቶ፣ ጅቡቲን ይዞ፣ በዛሬው የሲቲ ዞን በኩል እስከ ድሬዳዋ ይዘልቃል። የቅኝ ግዛት ዘመን ወሰን አንዱን ጎሣ በሦስት ግዛቶች ከፋፈለው፤ ከብቱ ግን ዝናብን ተከትሎ ከመሄድ አልተገታም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱን ፈቃድ ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። በካርታ ላይ ባዶ በረሃ መስሎ የታየው ምድር ግን ባለቤት ነበረው፤ ጉድጓዱም ግጦሹም በስምና በመብት የተለየ ነበር። ሐዲዱ በኢሳዎች አገር ሲያልፍ ግጭት ተነሣ፤ ከሠራተኞቹም ሕይወታቸውን ያጡ ነበሩ። የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ የለካ መሣሪያ፣ በመሬቱ ላይ የጸናውን ሕግ ሊለካ አልቻለም።

ይህ ሕግ «ሔር» ይባላል። በጽሑፍ ሳይሆን በቃል ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ፣ የደም ካሣን፣ ጋብቻን፣ የግጦሽና የውሃ መብትን፣ የእንግዳን ክብር የሚደነግግ ሥርዓት ነው። ክርክር የሚሰማው በዛፍ ጥላ ሥር ነው፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ቀድሞ የተሰጠን ፍርድ እየጠቀሱ፣ ሁሉም ወደ አንድ ቃል እስኪደርስ ይነጋገራሉ። የጎሣው የበላይ «ኡጋዝ» ቢባልም፣ እርሱም ከሔሩ በታች እንጂ በላይ አይደለም። አርባ አራት አባላት ያሉት ሸንጎም በትውፊቱ ከፍ ያለ ሥፍራ አለው። ይህ የቃል ሕግ በ2017 ዓ.ም. በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ የጋራ ስም በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል።

ሕጉን የተሸከመው ቋንቋ ከአቃቂ ሰው ጆሮ የራቀ አይደለም። ሶማሊኛ እንደ ኦሮምኛና እንደ አፋርኛ ከኩሽ ቋንቋዎች ወገን ነው። ሶማሌው ሁለትን «ላባ»፣ አራትን «አፈር»፣ አምስትን «ሸን»፣ ዘጠኝን «ሰጋል» ሲል፣ በአቃቂ ዙሪያ ያለው የኦሮሞ ገበሬ «ላማ»፣ «አፉር»፣ «ሸን»፣ «ሰገል» ይላል። «አፍ» የሚለው ቃልም በሶማሊኛ እንደ አማርኛው የአካል ክፍል ስም ሲሆን፣ በተጨማሪ ቋንቋ ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። አማርኛ በጽሕፈቱ ዐይኑን ዐ እና ሐመሩን ሐ ይዞ ቢቆይም፣ ድምፃቸውን አጥቷል። ሶማሊኛ ግን ሁለቱንም ድምፆች በአፍ ጠብቋል፤ ስለዚህ የጎሣው ስም በትክክል «ዒሴ»፣ የሕጉም ስም «ሔር» ተብሎ በጉሮሮ ይነገራል። አንዱ ሕዝብ ፊደሉን፣ ሌላው ድምፁን አቆየ ማለት ይቻላል። ሶማሊኛ በሶማሊያ የላቲን ፊደል ይፋዊ ጽሕፈቱ የሆነለት በ1965 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ሕጉም ቅኔውም በአብዛኛው በማስታወስ ኃይል የተያዘ ነበር።

ዛሬ ጥያቄው ይህ ነው፦ ወጣቱ ወደ ከተማ ሲፈልስና በዛፉ ሥር የሚቀመጠው ሲቀንስ፣ ሔሩን ማን ይረከባል? በመዝገብ መስፈሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን በክርክር የሚያድግ ሕግ በመጽሐፍ ብቻ አይኖርም። ተከራካሪም ሰሚም ያስፈልገዋል።

መንገድ የሚቀይስ፣ ጉድጓድ የሚቆፍር፣ መሥመር የሚዘረጋ ባለሙያም ከዚህ የሚማረው አለ። የአፈሩ ጥናት እንደሚቀድም ሁሉ፣ የባለ አገሩን ሕግ በገዛ ቋንቋው መጠየቅም ከሥራው በፊት የሚመጣ ሥራ ነው። ያ ጥያቄ በ1890ዎቹ በጊዜው ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ፣ ከፈሰሰው ደም ጥቂቱን እንኳ ማዳን ይቻል ነበር።