የምርጫ ቦታና የጦር መሣሪያ፤ ከፊላዴልፊያ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

ምርጫ ነፃ ነው ሊባል የሚችለው መራጩ ያለ ሥጋት ከቤቱ ወጥቶ፣ ያመነበትን መርጦ፣ በሰላም ሲመለስ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የድምፅ መስጫው ሣጥን ቢታሸግም፣ ቆጠራው ቢቃናም ውጤቱ የሕዝብ ፈቃድ መግለጫ ሊሆን አይችልም። ይህም ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። በእንግሊዝ አገር በ1275 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የዌስትሚኒስተር ድንጋጌ ማንም ሰው በመሣሪያ ኃይልም ሆነ በዛቻ ነፃ ምርጫን እንዳያውክ ከልክሏል። በሰሜን አሜሪካ በ1776 የጸደቀው የደላዌር ሕገ መንግሥት ደግሞ ሁለት ክልከላዎችን አጣምሮ ይዟል፤ ይኸውም ማንም ሰው ታጥቆ ወደ ምርጫ እንዳይመጣ፣ የጦር ሠራዊትም ከምርጫው 24 ሰዓት በፊትና በኋላ ከቦታው በአንድ ማይል ክልል ውስጥ እንዳይቆይ የሚል ነው። ከዚህም የግለሰብ ጠብመንጃ ብቻ ሳይሆን የመንግሥት ጠብመንጃም መራጩን ሊያስፈራው እንደሚችል ሕግ አውጪዎቹ መገንዘባቸውን መረዳት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ድንጋጌ መኖሩ ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን የፊላዴልፊያ ከተማ ታሪክ ያስረዳል። ከተማይቱ የምትገኝበት የፔንሲልቫኒያ ግዛት በ1838 ባሻሻለው ሕገ መንግሥት ጥቁሮችን የመምረጥ መብት ነፍጓቸው ነበር። መብታቸው የተመለሰው ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ፣ በ1870፣ 15ኛው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሲጸድቅ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የፌዴራል ሕግም መራጭን በኃይልና በዛቻ ማገድን ወንጀል አደረገ። በዚያ ዓመት ጥቅምት በተካሄደው ምርጫ ጥቁር መራጮችን ለመጠበቅ የፌዴራሉ መንግሥት የባሕር ኃይል እግረኛ ወታደሮችን አሰማርቶ ነበር።

በ1871 ጥቅምት 10 ቀን ግን ተመሳሳይ ጥበቃ አልተደረገም። በጥቁሮች ሠፈር መራጮች ተደበደቡ፤ የተገደሉም ነበሩ። ሥርዓት እንዲያስከብሩ ከተመደቡት ፖሊሶች መካከል ከሁከተኞቹ ጋር የወገኑ ተገኙ። ለጥቁር ወጣቶች በተቋቋመ ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረውና ለመምረጥ መብት የታገለው የ32 ዓመቱ መምህር ኦክታቪየስ ካቶ፣ በሁከቱ ምክንያት ተማሪዎች ከተሰናበቱ በኋላ በቤቱ አቅራቢያ መንገድ ላይ በጥይት ተገደለ። በግድያው የተከሰሰው ሰው ለፍርድ የቀረበው በ1877 ሲሆን፣ የዓይን ምስክሮች ለይተው ቢያመለክቱትም በነፃ ተለቀቀ።

ዛቻው ውጤት ሊያስገኝ የቻለበት አንዱ ምክንያት የድምፅ አሰጣጡ ሥርዓት ነው። በዚያን ጊዜ መራጩ የሚያስገባው የፖለቲካ ድርጅቶች ራሳቸው አሳትመው የሚያድሉትን ወረቀት ስለ ነበር፣ ማንን እንደ መረጠ በዙሪያው የቆመ ሰው ሊያውቅ ይችል ነበር። በአውስትራሊያ የቪክቶሪያና የደቡብ አውስትራሊያ ቅኝ ግዛቶች በ1856፣ እንግሊዝ በ1872 ምስጢራዊ ድምፅ አሰጣጥን ሲደነግጉ፣ ፔንሲልቫኒያ ግን እስከ 1891 ዘግይታለች። ሆኖም ምስጢራዊነት የሚሸፍነው ምርጫውን እንጂ መራጩን አይደለም፤ ወደ ጣቢያው የሚሄድ ሰው በመልኩ ከታወቀ መንገዱ ላይ ሊታገድ ይችላል።

ከዚያ ወዲያ የሕጉ ኃይል እየላላ ሄደ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1876 በሰጣቸው ውሳኔዎች የ1870ውን ሕግ አዳከመ፤ የሕግ መምሪያው ምክር ቤትም በ1894 የምርጫ ጥበቃ ድንጋጌዎቹን አብዛኛውን ሻረ። መራጭን ማስፈራራትን በጥብቅ የሚከለክል አዲስ የፌዴራል ሕግ በ1965 እስኪወጣ ድረስ በደቡብ ግዛቶች አያሌ ጥቁር ዜጎች ከምርጫ ተገልለው ኖረዋል።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ የምርጫ ቦታ ማለት ሣጥኑ ያለበት ክፍል ብቻ ሳይሆን ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድም ጭምር ነው። ሁለተኛ፣ ጠባቂው ወገንተኛ ከሆነ ጥበቃው ራሱ የሥጋት ምንጭ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ያለፈው ምርጫ ወንጀል ሳይቀጣ ከቀረ ለሚቀጥለው ምርጫ ማስፈራሪያ ሆኖ ያገለግላል። በብዙ አገሮች ትምህርት ቤቶች ለድምፅ መስጫነት ስለሚያገለግሉ ጉዳዩ መምህራንንና የዕቅድ ባለሙያዎችን በቀጥታ የሚመለከት ነው። ለካቶ በፊላዴልፊያ ማዘጋጃ ቤት ፊት ሐውልት የቆመለት በ2017፣ ከሞተ ከ146 ዓመት በኋላ ነው፤ በሕይወት ሳለ ያስፈልገው የነበረው ግን በዚያች አንዲት ቀን መንገዱን የሚጠብቅለት ሕግ አስከባሪ ነበር።