የፒፓ መምጠጫ ስለ ምን ይወይባል?

ከአባትዎ ወይም ከአጎትዎ የተወረሰ ፒፓ በቤትዎ ቢኖር፥ ወደ መስኮት አቅርበው ይመልከቱት። ትምባሆው የሚነድበት እንጨት ዕድሜው በገፋ ቁጥር እያማረ ሲሄድ፥ በጥርስ የሚያዘው ጥቁር መምጠጫ ግን ወይቦና ሻክሮ፥ አረንጓዴነት ያለው ቡናማ መስሎ ይገኛል። ለአፍም ይመራል። ብዙ ሰው እድፍ መስሎት በሳሙና ያጥበዋል፤ አይለቅለትም። በፈላ ውሃ የዘፈዘፈው እንደ ሆነ ደግሞ ብሶበት ያገኘዋል። የማይለቅበትም ምክንያት እድፍ አለመሆኑ ነው። (ትምባሆ ለጤና ጠንቅ መሆኑ የታወቀ ስለ ሆነ፥ የምንናገረው ስለ ዕቃው እንጂ ስለ ጢሱ አይደለም።)

እንጨቱ ራሱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአውሮፓ ለፒፓ ሥራ ከሁሉ የሚመረጠው እንጨት የሚወጣው፥ እኛ በስሜንና በባሌ ተራሮች አስታ ብለን ከምናውቀው ከዚያው የዛፍ ዘር የሥር እብጠት ነው። በፈረንሳይ አገር በጁራ ተራሮች የምትገኘው ሳን ክሎድ የተባለች ከተማ፥ ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ ስሟ የገነነው በዚሁ እንጨት ነው። አስቸጋሪው መምጠጫው ነበር። ቀንድ በጥርስ ብዛት ይሰነጠቃል። አምበር የተባለው የጥንት ዛፍ ሙጫ ያምራል፤ ዳሩ ግን ዋጋው ውድ ነው፥ ቢወድቅም ይሰበራል።

መፍትሔው የመጣው ፒፓን ፈጽሞ ካላሰበ ሰው ነው። ቻርልስ ጉድይር የተባለ አሜሪካዊ ጎማን የሚያጸና ዘዴ ሲፈልግ ሀብቱን ሁሉ ጨረሰ፤ በዕዳም ተይዞ ታሰረ። በዚያን ጊዜ ጎማ በሙቀት እየቀለጠ ይጣበቅ፥ በብርድ እየደረቀ ይሰነጠቅ ነበርና፥ ለሥራ እምብዛም አይጠቅምም ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1839 ዓ. ም. (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጉድይር በማሳቹሴትስ ግዛት በዎበርን ከተማ ሳለ፥ ከድኝ ጋራ የተደባለቀ ጎማ ከጋለ ምድጃ ጋራ ተነካካ። ጎማውም እንደ ልማዱ በመቅለጥ ፈንታ እንደ ቆዳ ጠነከረ። ነገር ግን የሥራው ናሙና ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ቶማስ ሃንኮክ ከተባለ ብልኅ የጎማ ሠራተኛ እጅ ገባ። ሃንኮክም የድኙን ነገር አስተውሎ በ1843 የእንግሊዝን የባለመብትነት ወረቀት በስሙ አወጣ። ጉድይር በአሜሪካ ያገኘው በ1844 ነው። ሃንኮክ ሌባ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ብዙ ደክሞ መርምሯልና። ሆኖም ቀድሞ ያየው ማን እንደ ሆነ ግልጽ ነው።

በ1851 የቻርልስ ወንድም ኔልሰን ጉድይር ለደረቅ ጎማ ባለመብትነት ተቀበለ። ለስላሳው ጎማ ጥቂት ድኝ ብቻ ሲገባበት፥ በዚህኛው ለመቶ እጅ ጎማ ሠላሳ እጅ ወይም ከዚያ የበለጠ ድኝ ተጨምሮ ለብዙ ሰዓት ይጋገራል። የሚወጣው ነገር እንደ ዞጲ ጥቁርና ጠንካራ በመሆኑ፥ ከዞጲ የአውሮፓ ስም ወስደው ኢቦናይት አሉት። ለፒፓ መምጠጫ፥ ለስልክ መስሚያ፥ ለሰው ሠራሽ ጥርስ መያዣ፥ ለብዕርም ሆነ። በጽሕፈት ቤት የኖረ ሰው፥ በመስኮት አጠገብ ተረስቶ በአንድ ወገኑ ብቻ የወየበ አሮጌ ብዕር ሳያይ አልቀረም፤ ነገሩ አንድ ነው። ቻርልስ ግን ዕቃውን በ1855 በፓሪስ ለማሳየት ተበድሮ ዳግመኛ በዕዳ ታሰረ፤ የፈረንሳይ የክብር ሌጌዎን ኒሻን የደረሰውም በእስር ቤት ሳለ ነው። በ1860 ሲሞት 200,000 ዶላር ያህል ዕዳ ነበረበት።

እንግዲህ ወይቡ ምንድን ነው? ያ ያጠነከረው ድኝ ራሱ ነው። ብርሃንና አየር የኢቦናይቱን ገጽ ሲያገኙት ድኙን ቀስ በቀስ ያቃጥሉታል፤ እርጥበትም ሲጨመርበት ጥቂት አሲድ ይወጣል። መራራው ጣዕም ከዚህ የመጣ ነው። ስለዚህ ወይቡን ማንሣት ማለት የተበላሸውን ገጽ መፋቅ ማለት ነው፤ በተወለወለ ቁጥርም መምጠጫው ጥቂት ይሳሳል። በረኪና ቀለሙን ያነሣል፥ ግን ገጹን አሻክሮ ይተዋል።

በቤት የሚደረገው እንዲህ ነው። አስቀድሞ በቀጭን ሽቦ ላይ ጥጥ ጠቅልለው በአልኮል ነክረው ውስጡን ያጽዱ። የጥርስ ጉድጓድ ካለበት፥ ከሻማ ነበልባል በላይ ከፍ አድርገው ወዲያና ወዲህ ያመላልሱት። ኢቦናይት ሲሞቅ ወደ ቀድሞ መልኩ የመመለስ ጠባይ ስላለው፥ ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ይነሣል። ቆልማማ መምጠጫ ግን ብዙውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ተሠርቶ በሙቀት የታጠፈ ስለ ሆነ፥ አብዝተው ቢያሞቁት ይቃናብዎታል። የድኝ ሽታ ከሸተተዎ ፈጥነው ያርቁት። ቀጥሎ ቁጥሩ 400 በሆነ የብርጭቆ ወረቀት፥ በውሃ እያራሱ፥ ቡናማው እስኪጠፋ ይፈግፍጉት፤ ከዚያም በ600፥ በ1000፥ በ2000 እያለሰለሱ ይሂዱ። ውሃው ብናኙ ወደ አፍንጫ እንዳይገባ ይጠቅማል። በዚህ ጊዜ መምጠጫው ከእንጨቱ ጋራ እንደ ተገጠመ ይሁን፤ እንጨቱን ግን በጨርቅ ይሸፍኑት። ይህ ጸሐፊ መምጠጫውን ለብቻው ነቅሎ ፈግፍጎ መጋጠሚያውን አዶልድሟል፤ የሠሪውንም ምልክት ሳያስበው አጥፍቷል፤ ፒፓው የአባቱ ስለ ነበረ እስከ ዛሬ ይቆጨዋል። ምልክቱን በጣትዎ ሸፍነው ዙሪያውን ብቻ ይሥሩ፤ ጥቂት ወይብ ቢቀርበት ይሻላል። በመጨረሻ በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ወልውለው፥ አጥበውና አድርቀው፥ በቀጭኑ ሰም ይቀቡት።

ከዚያም ከመስኮት አርቀው በጨለማ መሳቢያ ያስቀምጡት። ለጌጥ ብለው ፀሐይ በሚያገኘው ጠረጴዛ ላይ ያቆሙት እንደ ሆነ ግን፥ ብዙ ሳይቆዩ የብርጭቆውን ወረቀት እንደ ገና መፈለግዎ አይቀርም።