ያልደረሰው ተሽከርካሪ

በካናዳ፣ በኩቤክ ግዛት፣ ቫልኩር በምትባል ትንሽ መንደር የብርዱ ወራት ሲገባ መንገድ ሁሉ በበረዶ ይዘጋ ነበር። ጆሴፍ አርማንድ ቦምባርዲየር የተወለደው በ1907 እ.ኤ.አ. እዚያ ነው። በ1922፣ ገና በ15 ዓመቱ፣ አባቱ የሰጡትን አሮጌ የፎርድ ሞተር በገዛ እጁ ጠግኖ በበረዶ መንሸራተቻ ላይ ጫነው፤ ፕሮፔለርም ገጠመለትና ነዳው። አባት ግን አደጋውን ፈርተው አፍርሰው አሉት። አፈረሰው፤ ሐሳቡን ግን አልተወም።

በ19 ዓመቱ ጋራዥ ከፈተ። የሰው መኪና እየጠገነ፣ ከሥራ የተረፈውን ጊዜ ለበረዶው ተሽከርካሪ ሙከራ ሰጠ። በ1934 የብርድ ወራት የሁለት ዓመት ልጁ በትርፍ አንጀት ሕመም ተያዘ። ወደ ሆስፒታል የሚያደርሰው መንገድ በበረዶ ተዘግቶ ነበርና ሕፃኑ ሞተ። የሰዉን ሁሉ ሞተር የሚያስነሳ እጅ ለገዛ ልጁ አልደረሰም።

አባት ከሐዘኑ ወደ ሥራው ተመለሰ። በ1937 ጥርሳም መዘውር ሰፊ ቀበቶ እያዞረ በበረዶ ላይ ለሚያስኬደው ስልቱ የባለቤትነት መብት አገኘ። ተሽከርካሪዎቹም በበረዶ በተዘጉ መንደሮች ሐኪም፣ ፖስታና ተማሪ አመላለሱ። በ1959 ስኪዱ የተባለችው ትንሿ ስኖውሞቢል ወጣች።

ዛሬ በብርድ አገር ስኖውሞቢሉን በጓሮው ፈታትቶ የሚጠግን ሰው ሥራው ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ከዚያ ሞተር ታሪክ ውስጥ ግን አንድ ሐኪም ዘንድ ያልደረሰ ሕፃን አለ።