እውነተኛው ስፓርታከስና የፊልሙ ስፓርታከስ

በየጥናት ክበቦቻችን ስለ ጥንቱ የባርያ አሳዳሪ ሥርዓት በተነሣ ቁጥር የስፓርታከስ ስም ሳይጠራ አይቀርም። ነገር ግን ጓዶች ሲናገሩ ልብ ብለን ብናዳምጥ፣ አብዛኞቻችን የምናውቀው ስፓርታከስ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው የሆሊውድ ፊልም ስፓርታከስ ሆኖ እናገኘዋለን። ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1861 ለኤንግልስ በጻፈው ደብዳቤ ስፓርታከስን የጥንቱ ዘመን ወዛደር እውነተኛ ወኪል አድርጎ ማወደሱን ሁላችንም እንጠቅሳለን። ማርክስ ይህን የጻፈው አፒያን የተባለውን ታሪክ ጸሐፊ በግሪክኛ እያነበበ ነበር። እኛ ግን ማርክስን ጠቅሰን አፒያንን ሳንከፍት ቀረን፤ ፊልሙን ሁለትና ሦስት ጊዜ ያላየ ግን ከመካከላችን ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ሰዎች ጎን ለጎን አቁመን ለመመርመር ወደናል።

በመጀመሪያ ስለ ምንጮቹ አንድ ነገር እንበል። ስፓርታከስ ራሱ የጻፈው አንድ መስመር የለም። ከተከታዮቹም ማንም አልጻፈም። በጦርነቱ ጊዜ ልጅ የነበረው ሮማዊው ሳሉስት በኋላ የጻፈው ታሪክ እየተቆራረጠ ነው የደረሰን። ፕሉታርክ የተወለደው ስፓርታከስ ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው፤ የእስክንድርያው አፒያን ደግሞ ከፕሉታርክም በኋላ የመጣ ነው። ሁሉም በባርያ ጉልበት የሚኖር ኅብረተሰብ ሰዎች ነበሩ። እንግዲህ ስለ አመፀኛው የምናውቀውን ሁሉ የምናውቀው ከጌቶቹ ወገን ነው። ይህ ማለት ግን የተጻፈው ሁሉ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ጠላት ሳይወድ በግድ የሚመሰክረው ምስክርነት አንዳንድ ጊዜ ከወዳጅ ውዳሴ ይበልጣል።

በፊልሙ መግቢያ ስፓርታከስ ከባርያ እናት የተወለደ፣ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ለሊቢያ ማዕድን ቁፋሮ የተሸጠ ሰው ነው። ፊልሙ የተመሠረተበት የሐዋርድ ፋስት ልብ ወለድም በኑብያ በረሃ የወርቅ ጉድጓድ ውስጥ ያደርገዋል። ጥንታውያኑ ጸሐፊዎች ይህን አያውቁም። እነርሱ የሚነግሩን ስፓርታከስ የትሬስ ሰው፣ ማለትም ከዛሬዋ ቡልጋሪያና ከአካባቢዋ የመጣ መሆኑን ነው። አፒያን እንደሚለው በአንድ ወቅት ከሮማውያን ጋር በወታደርነት አገልግሎ ነበር፤ በኋላ ተማርኮ ተሸጠ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የፊልሙ ስፓርታከስ የጦር ጥበብን ከየት እንዳመጣው አይታወቅም፤ ከማኅፀን ጀምሮ ጀግና የሆነ ይመስላል። እውነተኛው ግን የጠላቱን ሠራዊት አሰላለፍና ልማድ ከውስጥ ያየ ሰው ነበር። የሮምን ጦር በተከታታይ ያሸነፈበትን ምክንያት መፈለግ ያለብን እዚህ ላይ ነው።

ስለ አመፁ አነሣሥም እንዲሁ ነው። ቦታው በደቡብ ኢጣሊያ የካፑዋ ከተማ ነው፤ ሌንቱለስ ባቲያተስ የተባለ ሰው ለሕዝብ መዝናኛ እርስ በርስ የሚገዳደሉ ግላዲያተሮችን የሚያሠለጥንበት ግቢ ነበረው። በፊልሙ አመፁ በድንገት ይፈነዳል፤ አንድ ንቀት፣ አንድ ቁጣ፣ ከዚያ ግቢው በሙሉ ይነሣል። ፕሉታርክ ግን የሚተርከው ሌላ ነው። ሁለት መቶ ያህል ሰዎች ለማምለጥ በምስጢር ተመካከሩ፤ ጥቆማ ደረሰባቸው፤ ነገሩ መታወቁን ቀድመው የሰሙት 78 ሰዎች ብቻ ከማድ ቤት ቢላዋና የጥብስ ብረት ነጥቀው ወጡ። ይህ የሆነው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ73 ዓመት ነው። እንግዲህ ሲጀመርም ምስጢራዊ ዝግጅት ነበረ፤ ሲጀመርም ምስጢሩ ወጥቶ ነበር። ፊልሙ ዝግጅቱንም ጥቆማውንም አውጥቶ ጥሎ ቁጣውን ብቻ አስቀረልን። ስለ ጥቆማው ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ እንለፈው። ያመለጡት ቬሱቪየስ ተራራ ላይ ወጡ። ግላበር የተባለ የሮም ሹም 3,000 ወታደር ይዞ ብቸኛውን መውጫ ዘጋባቸው። እነርሱም የዱር ወይን ሐረግ ጎንጉነው መሰላል በመሥራት በገደሉ በኩል ወርደው ከኋላው መጡበት። ቀጥሎ የመጣው ቫሪኒየስ የተባለው ሹም ደግሞ ፈረሱን ሳይቀር ተማረከበት። (በልብ ወለዱና በፊልሙ የስፓርታከስ ሚስት ቫሪኒያ ትባላለች። ስሙ የዚያ የተሸነፈ ሮማዊ ስም የሴት አጠራር መሆኑ ያስገርማል። የእውነተኛዋን ሚስት ስም ማንም አልጻፈውም፤ ፕሉታርክ የሚለን የስፓርታከስ ወገን የሆነች ትንቢት ተናጋሪ መሆኗን ብቻ ነው።)

የአካባቢው እረኞችና ከብት ጠባቂዎች መጡ። ከእርሻ የሸሹ ባሮች መጡ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አፒያን እንደሚመሰክረው ባርያ ያልሆኑ ድኾች የእርሻ ሠራተኞችም ተቀላቀሉ። ይህ በፊልሙ ውስጥ የለም። የፊልሙ ኅብረተሰብ ባርያና ጌታ ብቻ ያለበት ነው። እውነተኛዋ ኢጣሊያ ግን መሬቱን ያጣ ነፃ ገበሬ ሞልቶባት ነበር። አፒያን ለዚህ የሚሰጠውም ምክንያት ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ ስፓርታከስ የተማረከውን ንብረት እኩል ያካፍል ነበር ይላል። ነጋዴዎች ወርቅና ብር ይዘው ወደ ሰፈሩ እንዳይገቡ ከለከለ፤ ከእነርሱ የሚገዛው ብረትና መዳብ ብቻ ሆነ። የአመፀኛ ሰፈርን ለማፍረስ ከጦር ይልቅ ወርቅ እንደሚበቃ የገባው ሰው ነበር። የሆሊውድ ሰዎች በርካታ የፍቅር ትዕይንት ሲያገኙ ለዚህ ትእዛዝ አንድ ደቂቃ አላገኙም።

አሁን ደስ ወደማይለው ክፍል እንግባ። በፊልሙ አመፀኞቹ የተማረኩ የሮም መኳንንትን እንደ ግላዲያተር ሊያፋልሙ ሲሉ ስፓርታከስ በቁጣ ገብቶ ያስቆማቸዋል። በታሪኩ የምናገኘው የዚህ ተቃራኒ ነው። ጓደኛው ክሪክሰስ በጦርነት ሲሞት ስፓርታከስ ለነፍሱ መሥዋዕት እንዲሆኑ 300 የሮም ምርኮኞችን እንዳሳረደ አፒያን ጽፏል። ፍሎረስ የተባለው ሌላው ጸሐፊ ደግሞ ምርኮኞቹን በለቅሶ ላይ እርስ በርስ እንዳፋለማቸው ይናገራል። ሳሉስት በበኩሉ አመፀኞቹ በያዟቸው መንደሮች ሴቶችን እንደደፈሩ፣ ስፓርታከስ ደጋግሞ ቢለምናቸውም ሊገታቸው እንዳልቻለ ጽፏል። የጠላት ስም ማጥፋት ነው ብለን ልናልፈው እንችል ይሆናል። ነገር ግን ሳሉስት ስም ማጥፋት ቢፈልግ ኖሮ ስፓርታከስ ለመነ፣ ተቃወመ ብሎ ባልጻፈ ነበር። ስለዚህ እኛ ሁለቱንም እውነት ነው ብለን እንወስዳለን፤ ግፉም ነበረ፣ ግፉን ሊገታ የሞከረውም ሰው ነበረ።

የመስመር ልዩነትም ነበረ። ክሪክሰስ 30,000 ያህል ሰው ይዞ ተለየ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ72 ዓመት በጋርጋነስ ተራራ አጠገብ ከሠራዊቱ ሁለት ሦስተኛ ጋር ተደመሰሰ። ስፓርታከስ ወደ ሰሜን ገሥግሦ ሙቲና ላይ የአገረ ገዢውን ጦር ሰባበረ። የአልፕስ ተራሮች በፊቱ ነበሩ፤ መንገዱ ተከፍቶ ነበር። ፕሉታርክ እንደሚለው የስፓርታከስ ዓላማ ተራራውን ተሻግሮ እያንዳንዱ ወደየአገሩ፣ የትሬሱ ወደ ትሬስ የጎሉ ወደ ጎል እንዲገባ ነበር። ተከታዮቹ እምቢ አሉ። ድል አስክሯቸው ነበር ይላል ጸሐፊው። እኛ ግን በኢጣሊያ የተወለደ፣ ከኢጣሊያ በቀር አገር የማያውቅ ባርያ ወዴት አገር ይግባ? ብለን ለመጠየቅ እንገደዳለን። ስፓርታከስ የሚመለስበት አገር ነበረው፤ ከተከታዮቹ ብዙዎቹ አልነበራቸውም። በስደት ለምንኖር ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ባርነትን ከሥሩ ለማጥፋት ማሰቡን የሚናገር አንድም ጥንታዊ ምንጭ የለም፤ በፊልሙ የምንሰማቸው የነፃነት ንግግሮች የሃያኛው ክፍለ ዘመን ንግግሮች ናቸው።

ሠራዊቱ ወደ ደቡብ ተመለሰ። ወደ ሲሲሊ ሊያሻግሩት ስጦታ የተቀበሉት የኪልቅያ የባሕር ሽፍቶች ከድተውት ሄዱ። የሮም ባለጠጋ ክራሰስ፣ ከጠላት የሸሹ ወታደሮቹን ከየዐሥሩ አንዱን በዕጣ እያስገደለ ሠራዊቱን ካደነደነ በኋላ፣ በ71 ዓመት የመጨረሻው ጦርነት ተደረገ። ፕሉታርክ እንደጻፈው ስፓርታከስ ፈረሱ ሲቀርብለት በሰይፉ ገደለው፤ ካሸነፈ የጠላት ፈረስ ብዙ ነው፣ ከተሸነፈ ደግሞ ፈረስ አያስፈልገውም። ወደ ክራሰስ ሊደርስ በወታደር መካከል ገብቶ ሁለት መቶ አለቆች ገደለ። አፒያን እንደሚለው ጭኑ ላይ ተወግቶ፣ ተንበርክኮ፣ ጋሻውን ወደፊት ይዞ እስከ መጨረሻው ተዋጋ። ሬሳው አልተገኘም።

በፊልሙ ግን ይማረካል፤ በመጨረሻም ይሰቀላል። ከዚያ በፊት ያ ሁላችንም የምናውቀው ትዕይንት ይመጣል። ሮማውያኑ ስፓርታከስን ለይቶ ላሳየ ሕይወቱ ይተርፍለታል ሲሉ፣ ምርኮኞቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ስፓርታከስ እኔ ነኝ ይላሉ። ጓዶች በዚህ ትዕይንት ላይ ሲያለቅሱ አይተናል፤ እኛም አልቅሰናል። ትዕይንቱ ግን ፈጽሞ አልሆነም፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ71 ዓመት ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1950 በአሜሪካ የሆነ ነገር ነው። የፊልሙን ድርሰት የጻፈው ዳልተን ትራምቦ በአሜሪካ ምክር ቤት የምርመራ ኮሚቴ ፊት መልስ አልሰጥም በማለቱ ታስሮ፣ ከዚያ በኋላ ለዓመታት በሌላ ሰው ስም እየጻፈ የኖረ ሰው ነበር። ሐዋርድ ፋስትም እንዲሁ ስሞችን አልሰጥም በማለቱ በ1950 ታስሯል፤ አሳታሚዎች ስላልተቀበሉት መጽሐፉን በ1951 በራሱ አሳተመው። ስም አልሰጥም ማለት ዋጋ ባስከፈለበት ዘመን፣ ዋጋውን የከፈሉ ሰዎች የፈጠሩት ታሪክ ነው።

ይህን ማወቃችን ትዕይንቱን አያረክሰውም። አደጋው ሌላ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም በየቀበሌውና በየከፍተኛው የምርመራ ክፍል ወፌ ላላ ተሰቅለው የጓደኛቸውን ስም የተጠየቁ ልጆች የእኛው እኩዮች፣ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ነበሩ። ስም ያላወጣ አለ፤ ያወጣም አለ። በስደት ተቀምጠን ያወጣውን ስንፈርድበት የምንመዝነው በፊልሙ ሚዛን ነው፤ በፊልሙ ውስጥ ከዚያ ሁሉ ምርኮኛ አንድም አፉን የሚከፍት የለምና። በእውነተኛው ታሪክ ግን ጥቆማው ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ በግቢው ውስጥ ነበር። ከሁለት መቶው 78ቱ ብቻ የወጡት በዚያ ምክንያት ነው። ሆኖም እነዚያ 78 ሰዎች የሮምን ጦር ሁለት ዓመት አንቀጠቀጡት።

የፊልሙ መግቢያ የሮምን አረማዊ ጭቆና ገልብጦ አዲስ ኅብረተሰብ ያመጣው በኋላ የመጣው ክርስትና እንደሆነ አድርጎ ያቀርባል። ይህንንስ ከማንም ይልቅ እኛ ኢትዮጵያውያን ልንቀበለው አንችልም። ክርስትና በአራተኛው ክፍለ ዘመን የገባበት አገራችን፣ ፍትሐ ነገሥቱ ስለ ባሮች አንቀጽ ይዞ፣ ባርነትን በሕግ አጥፍቻለሁ ብሎ ዐዋጅ ያወጀው በ1934 ዓ.ም ነው።

ክራሰስ 6,000 ምርኮኞችን ከካፑዋ እስከ ሮም ባለው መንገድ ዳር ሰቀላቸው፤ መንገዱ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና በየ30 ሜትሩ አንድ ሰው መሆኑ ነው። ፊልሙ የሚያበቃው እዚህ ነው። ጦርነቱ ግን እዚህ አላበቃም። ሱዌቶኒየስ እንደጻፈው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ60 ዓመት ግድም፣ ማለትም ስፓርታከስ ከወደቀ ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ ጋይየስ ኦክታቪየስ የተባለ የሮም ሹም ወደ መቄዶንያ ሲሄድ በመንገዱ ቱሪ በተባለችው የደቡብ ከተማ አካባቢ የቀሩትን የስፓርታከስ ሰዎች እንዲደመስስ ከሸንጎው ልዩ ትእዛዝ ተሰጥቶት ነበር። ዐሥር ዓመት ሙሉ አገሩን ይዘው ቆይተዋል ማለት ነው፤ አንዳቸውንም በስም አናውቅም። ኦክታቪየስ ደመሰሳቸው። ሱዌቶኒየስ እንደሚነግረን የዚህ ሰው ትንሽ ልጅ በሕፃንነቱ ቱሪነስ የሚል ቅጽል ስም ነበረው፤ ምናልባትም አባቱ በዚያ በሸሹ ባሮች ላይ ስላገኘው ድል የተሰጠው ሳይሆን አይቀርም። ልጁ በኋላ የመጀመሪያው የሮም ንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ ተባለ።