ከማስታመም ወደ ማሳደግ፦ የአስኮው የሕፃናት ቤት

ከዊንጌት ተነሥቶ በአስኮ በኩል ወደ ቡራዩና ወደ አምቦ የሚያወጣውን መንገድ የአዲስ አበባ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያውቀው በጫማ ፋብሪካዎቹ ነው። በዚሁ ሰፈር ግን ታሪኩ ብዙም ያልተጻፈለት አንድ የሕፃናት ቤት ተቋቁሟል። ይኸውም የማዘር ቴሬዛ እኅቶች ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ለሚገኝ፣ ወላጅ ለሞተባቸውና ዘመድ ለጣላቸው ሕፃናት የከፈቱት ቤት ነው። ይህ ቤት በአጭር ጊዜ ውስጥ ዓላማውን ለመለወጥ የተገደደ በመሆኑ፣ ስለ ማሳደጊያዎቻችን ጠቅላላ ታሪክ ሊያስተምረን የሚችለው ነገር ብዙ ነው።

እንደሚታወቀው፣ በአገራችን እጓለ ማውታን በአንድ ግቢ ሰብስቦ ማሳደግ የቆየ ልማድ አይደለም። ሙት ልጅ የሚያድገው በአያት፣ በአጎት ወይም በአክስት ቤት ነበር። ዘመድ ያልሆነ ሰው ሲያሳድግም የጡት ልጅነት፣ ማደጎና ጉዲፈቻ ልጁን ከአሳዳጊው ጋር በሥርዐት የሚያስተሳስሩ ነበሩ። ከዚህ ሁሉ ያመለጠው ቁራሹን እየለመነ ከቆሎ ተማሪዎች ጋር በየደብሩ ይውል ነበር። ይህን ስል ዘመድ ሁሉ ደግ ነበር ማለቴ አይደለም፤ በዘመድ ቤት እንደ አሽከር ተቆጥሮ ያደገ ልጅ ታሪክ በየመንደሩ ይገኛል።

መንግሥት ወላጅ አልባ ልጆችን በእጁ ሲቀበል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ጉዳይ ፈልጓቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 አርመናውያን ልጆች፣ «አርባ ልጆች» የተባሉት፣ የሙዚቃ ባንድ ሆነው ነው የገቡት። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በአላጌ የተቋቋመው የሕፃናት አምባ በጦርነት የወደቁ ዜጎችን ልጆች የሰበሰበው ለአብዮቱ ተተኪ እንዲሆኑ በማሰብ ነበር። በዋና ከተማው ያሉት የመንግሥት ማሳደጊያዎች ልጁን የተቀበሉት በዕድሜና በጾታ እየከፈሉ ነው፤ ሕፃናቱ በክበበ ፀሐይ፣ ሴቶቹ በቀጨኔ፣ ወንዶቹ በኮልፌ ይኖሩ ነበር። ለአስተዳደር የሚመች አከፋፈል ነው። ነገር ግን አንድ ወንድምና አንዲት እኅት አብረው ገብተው አብረው ሊያድጉበት የማይችሉበት አሠራር መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ከዚህ የተለየ ሐሳብ የመጣው በሌላ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በመቀሌ የተመሠረተው ኤስ.ኦ.ኤስ. የሕፃናት መንደር በአዳራሽ ፈንታ ቤቶችን ሠራ፤ በየቤቱም አንዲት እናትና ዐሥር ያህል ልጆች እንደ አንድ ቤተ ሰብ እንዲኖሩ አደረገ። ወይዘሮ አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ከግሸን ማርያም ሲመለሱ ድርቁ ከጎዳው ወሎ ሁለት ሕፃናት ይዘው ቤታቸው ሲገቡ ደግሞ ፕላንም በጀትም አልነበራቸውም። በ2013 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ያ ሥራቸው ትልቅ ድርጅት ሆኖ ነበር።

የአስኮው ቤት መነሻ ግን ከነዚህ ሁሉ ይለያል። እኅቶቹ ወደ ኢትዮጵያ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1973 ሲሆን፣ በስድስት ኪሎ ያለው ቤታቸው በየመንገዱ የወደቁ ሕሙማንን በማስታመም የታወቀ ነው። ኤድስ በአገራችን በሕክምና ከተመዘገበበት ከ1986 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ፣ በተለይም በ1990ዎቹ ዓ.ም.፣ በሽታው ወላጆችን ጨርሶ ወደ ልጆቹ ተሻገረ። በዘመድ ቤት ሳህኑና ኩባያው ተለይቶ፣ ከልጆች ጋር እንዳይጫወት ተከልክሎ ይኖር የነበረው ሕፃን ጥቂት አልነበረም። ይህም ያለ ዱላ የሚፈጸም በደል ነው። በማሕፀን፣ በወሊድ ወይም በጡት ቫይረሱ ከተላለፈባቸው ሕፃናት መካከል ሕክምና ካላገኙ ግማሽ ያህሉ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። እንግዲህ በአስኮ የተሰበሰቡት በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆች ይጠበቅላቸው የነበረው ንጹሕ አልጋ፣ በቂ ምግብና አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው ነበር።

የማስታመሚያ ቤት ፕላን ለእኛ ለግንባታ ባለሙያዎች ቀላል ነው። ረጅም ክፍል፣ በረድፍ የቆመ አልጋ፣ አንዲት አስታማሚ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የምታይበት ስፍራ፣ ለማጠቢያ የሚበቃ ውኃ ይፈልጋል። ሣጥን፣ የማጥኛ ጠረጴዛ፣ መዝጊያ ያለው ክፍል በፕላኑ ላይ አይገባም፤ ለማን ይገባል?

በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በነጻ መታደል ሲጀምር ይህ ስሌት ፈረሰ። መድኃኒቱ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ሳይቋረጥ የሚወሰድ ነበር። መጠኑ በልጁ ክብደት ስለሚወሰን ልጁ ባደገ ቁጥር እንደገና ይሰላል፤ ለሕፃናት ከሚሰጡት ሽሮፖች አንዳንዶቹም በማቀዝቀዣ መቀመጥ ነበረባቸው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቤት ከጸሎትና ከርኅራኄ ሌላ የማይሳሳት ሰዓት፣ ሚዛን፣ መዝገብና የማይጠፋ መብራት አስፈለገው። ሊሞት ነው የተባለው ልጅ ጥርሱን ነቀለ፤ ጫማ ጠበበው፤ ፊደል ቆጠረ። ጥቂት ዓመት ቆይቶም የማስታመሚያ ቤት ሊመልሳቸው ያልተዘጋጀባቸውን ጥያቄዎች ጠየቀ፦ ይህን መድኃኒት የምወስደው ለምንድን ነው? እናቴ በምን ሞተች? ማግባት እችላለሁ?

በእኔ አስተያየት የአስኮው ቤት ትልቁ ፈተና የመጣው ሞት ሲርቅ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በማሳደጊያ ውስጥ ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ እንዲጠበቁ ያዝዛል፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕፃናት አማራጭ ክብካቤ መመሪያም ማሳደጊያ የመጨረሻው አማራጭ እንዲሆን ይደነግጋል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ልጅን በጉዲፈቻ ለውጭ አገር ሰው መስጠት በሕግ ቀርቷል። ሦስቱም ተገቢ ናቸው። ሆኖም ዘመድ አንድ ጊዜ ኩባያውን የለየበትን ልጅ «ወደ ዘመዱ ይመለስ» ማለት በወረቀት ላይ እንደሚቀለው አይደለም። ወደ ውጭ የሚያወጣው በር ከተዘጋ ወዲህም፣ ልጁ በዚሁ አገር፣ በዚሁ ከተማ ለመኖር መዘጋጀት አለበት።

ዝግጅቱ የሚጎድለው ደግሞ በጥቃቅን ነገር ነው። በማሳደጊያ ያደገ ወጣት ገበያ ወጥቶ ሽንኩርት ተከራክሮ የገዛበት፣ የቤት ኪራይ የተዋዋለበት፣ ለቅሶ ቤት የተቀመጠበት ቀን ጥቂት ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት ከግቢው ሲወጣ መታወቂያ ለማውጣት አድራሻ ይጠየቃል። ሥራ ሲያገኝም ተያዥ አምጣ ይባላል። እኛም በየግንባታ ሥፍራችን የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ስንቀጥር የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። አጎት ለሌለው፣ ጎረቤት ለሌለው፣ የሚያውቁት ሁሉ እኅቶችና አብረውት ያደጉ ልጆች ለሆኑ ሰው ተያዥ ሆኖ የሚፈርመው ማን እንደሆነ በቅጥር ደንቦቻችን ውስጥ አልተጻፈም።