የማይተነፍሰው ጎማ

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን ከአዳማ ሲመለስ፣ ፈጣኑ መንገድ ላይ እንዳለ አንዲት ቢጫ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ቦግ አለችበት። «ሰንሰሩ ቀውሶ ነው» አለና ነዳጁን ረገጠ። ሚስቱ ከጎኑ፣ ሁለቱ ልጆቹ ከኋላ ተኝተዋል። በደኅና ገቡ። በማግስቱ ጠዋት ሰፈራችን ካለው ጎሚስታ ዘንድ ሲቆም ነው የኋላው ግራ ጎማ ጠብታ አየር እንደሌለው የሰማው። ምስማር ወግቶት ኖሯል።

«እንዴት ሳይታወቀኝ?» ይላል። እንዴት ይታወቀው! ጎማው «ራንፍላት» የሚሉት ዓይነት ነው። ጎኑ በወፍራሙ ስለተሠራ አየሩ ቢወጣም ፈጽሞ አይተኛም፤ መኪናዋን እንደተሸከመ ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ የሚፈቀድለት ግን በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ሳይበልጥ፣ 80 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲሄድ ብቻ ነው። የኛ ሰው መቶውን አልፎ ሲበር ነበር።

እኔን የጠሩኝ ለሽምግልና ነው። ጎሚስታው «አልለጥፍም» ብሏል፤ የእህቴ ልጅ ደግሞ «የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ነገር መለጠፍ አቅቶህ ነው?» እያለ ይፎክራል። የአዲሱን ጎማ ዋጋ ስሰማ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ልቤ ወደ ዘመዴ አዘነበለ።

ደግሞስ በኛ አገር ጎማ መቼ ይጣላል? ተለጥፎ ተለጥፎ ሲያበቃ በረባሶ ይሆናል፤ ካላማዳሪው ተተልትሎ የጭነት ማሰሪያ ይሆናል።

የጎማ ታሪክ ራሱ የጥገና ታሪክ ነው። በአየር የሚነፋውን ጎማ እ.ኤ.አ. በ1888 አስመዝግቦ ገበያ ያወጣው ጆን ቦይድ ደንሎፕ ቤልፋስት የሚኖር ስኮትላንዳዊ የእንስሳት ሐኪም ነበር። ለልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት ብሎ ነው የሠራው። (ሌላው ስኮትላንዳዊ ሮበርት ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1845 ቀድሞት አስመዝግቦ ስለነበር የደንሎፕ መብት በኋላ ተሽሯል። ለነገሩ ቀድሞ ያሰበውን ማን ያስታውሰዋል?) ችግሩ ያ ጎማ ከቸርኬው ጋር በማስቲሽ የተጣበቀ መሆኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1889 አንድ ብስክሌተኛ የተበሳ ጎማውን ይዞ ፈረንሳይ አገር፣ ክሌርሞን ፌራን ከተማ ወደሚገኘው የሚሽሊን ወንድማማቾች ፋብሪካ መጣ። ፈትቶ ለመጠገን ከሦስት ሰዓት በላይ ፈጀ፤ ማስቲሹ እንዲደርቅ ደግሞ ማደር ነበረበት። በማግስቱ ኤድዋር ሚሽሊን ሊሞክረው ቢወጣ ጥቂት መቶ ሜትሮች እንኳ በቅጡ ሳይሄድ ጎማው እንደገና ተነፈሰ። ሰውየው ግን ከብስጭቱ ይልቅ ምቾቱን አስታወሰ። እ.ኤ.አ. በ1891 ወንድማማቾቹ የሚፈታና የሚገጠም ጎማ አወጡ፤ በዚያው ዓመት ሻርል ቴሮን በዚሁ ጎማ ከፓሪስ ብሬስት ደርሶ መልስ የተደረገውን የብስክሌት ውድድር አሸነፈ። የጎሚስታ ሙያ የተወለደው ያኔ ነው ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

የቀረው ጣጣ መንገድ ዳር ቆሞ መለጠፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 በዌልስ፣ ላኔሊ ከተማ፣ ስቴፕኒ በሚባል ጎዳና ላይ የሚሠሩ የዴቪስ ወንድማማቾች ትርፍ እግር ሠርተው መሸጥ ጀመሩ። ህንዶች እስከ ዛሬ ትርፍ ጎማን «ስቴፕኒ» ነው የሚሉት፤ ጎዳናው ሄዶ ዕቃ ሆነ። እኛ ደግሞ ከጣሊያንኛ ወስደን «ስኮርታ» አልነው። መጠባበቂያም አጃቢም ማለት ነው። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን እንዲህ ያለ ቃል ባገኝ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ አወራበት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ደግሞ አጃቢውንም ማስቀረት ተፈለገ። ደንሎፕ ኩባንያ በ1970ዎቹ «ዴኖቮ» የሚባል ተነፍሶም የሚሄድ ጎማ አወጣ፤ እምብዛም አልተለመደም። እ.ኤ.አ. በ1997 አዲሱ ኮርቬት ያለ ስኮርታ፣ በራንፍላት ብቻ ለገበያ ቀረበ። ከ2000 ወዲህ ቢኤምደብልዩ አበዛው። ክብደት ይቀንሳል፤ ቦታ ይተርፋል፤ ሰውም በሌሊት፣ በዝናብ፣ ክሪክ ይዞ አይንበረከክም። ጥሩ ነገር ነው። ሒሳቡ ግን ከመንገድ ተነሥቶ ጎሚስታው ደጃፍ ቁጭ አለ።

«ጋሼ፣ እስቲ እጅዎን ይስደዱበት» አለኝ ልጁ፣ ጎማውን ከቸርኬው አላቆ። ከውጭ ሲያዩት አዲስ ይመስላል። እጄን ከውስጥ ሳወጣ የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ብናኝ ሞልቶበታል። አየር በሌለበት የመኪናዋ ክብደት ጎኑን እያጠፈ ሲያሸው፣ ግለቱ ደግሞ ሲያበስለው ከውስጥ ተፈርፍሯል። አንዳንድ ፋብሪካዎች ቀዳዳው ትንሽ ሆኖ መሬት በሚነካው በኩል ከሆነና ጎማው ባዶውን ካልተነዳ እንዲለጠፍ ይፈቅዳሉ፤ ሌሎቹ ጨርሶ አይፈቅዱም። ይኼኛው ግን ባዶውን ያውም በፍጥነት ተነድቷል።

«ቀዳዳዋን እደፍናታለሁ፤ አየርም ይይዛል» አለ ልጁ። «በሳምንቱ መንገድ ላይ ጎኑ ሲፈነዳ ግን ማን ውስጥ እንዳለ አላውቅም። ትናንት እነማን ነበሩ?»

የእህቴ ልጅ ዝም አለ። እኔም ሽምግልናዬን እዚያው ትቼ እጄን ልታጠብ ሄድኩ።

ስመለስ ተስማምተዋል። የሌሎቹም ጥርስ አልቆ ስለነበር አራቱንም ተራ ጎማ ሊያደርግ ነው። ስኮርታም ይገዛል፤ መኪናዋ ቦታ አልተሠራላትምና ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ በካላማዳሪ ጠፍሮ ሊያስራት። «መብራቷ ስትበራ ግን ቁም» አለው ጎሚስታው፤ «ተራው ጎማ አይታገስህም።»

ያንን የተበላሸውን ጎማ ምን ልታደርገው ነው አልኩት። ለበረባሶ ይሆን እንደሆን ብዬ ነው።

«ነጭ ቀለም ቀብቼ ደጅ አቆመዋለሁ ጋሼ» አለኝ። «ጎሚስታ ብዬ እጽፍበታለሁ።»