የጋፋት ወንጌላውያንና የንጉሡ መድፍ

ከእብናት ወደ ደብረ ታቦር በሄድን ቁጥር ጋፋትን እናስባለን። አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ ብዙም ሳይቆይ፣ በስዊዘርላንድ በቅዱስ ክሪሾና የሠለጠኑ ወንጌላውያን ወደ አገራችን መጡ። አሳባቸው እንደ ጳውሎስ በእጃቸው እየሠሩ ክርስቶስን መመስከር ነበር፤ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም ይዘው ነበር። ንጉሡ ግን አብልጠው የፈለጉት እጃቸውን ነው። ጋፋት ላይ አስፍረው መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው። ሥራውን አናውቅም ቢሉ ማን ሰምቷቸው!

በ1855 ዓ.ም. ንጉሡ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ላኩ፤ መልስ ቀረ፤ ቆንስሉ ካሜሮን ታሰረ። ጋፋት ላይ ደግሞ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ። ተራራው መንገድ እየወጣለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ከወራት በኋላ መቅደላ ደረሰ። የእንግሊዝ ጦርም መጣ። አሮጌ ላይ ውጊያው የሆነው በስቅለት ዕለት ነው፤ በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ንጉሡ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ።

ንጉሥ መድፍ መፈለጉ ምን ይደንቃል? እኛን የሚከብደን የወንጌላውያኑ እሺታ ነው። በእርግጥ በንጉሡ እጅ ነበሩ፤ ሚስትና ልጅ ያላቸውም ነበሩ። እንዲያም ሆኖ እንጠይቃለን፦ ድንኳን ሰፊው ጳውሎስ መድፍ ሥራ ቢባል ምን ይመልስ ነበር?

ወንጌላውያኑ ከእስር ተፈትተው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ ተጋድሟል።